አምስቱ ጥያቄዎች

ማርች 9፣ እሑድ

ቨርን ከማርች እስከ ሜይ ጆሮው ይደክመዋል፤ የእኔ አፍ ደግሞ በእነዚሁ ወራት አይዘጋም። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ለዚህ መላ ያገኘለት ዘንድሮ ነው። ይህን ደብተር ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና "የቤዝቦሉን ለእሱ ንገሪው፣ የቀረውን ለእኔ" አለኝ። እሺ፣ ይኸው ልነግረው ነው።

ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የዳኞች ማኅበራችን የዓመት ስብሰባ ነበር። አሥራ አራት ወንዶችና እኔ። ጨዋታ የሚደለድልልን ዱዌን ፕራተር የዘንድሮውን አዲስ ደንብ ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበልን። እኔም ሦስት የቀረፋ ዳቦ በላሁ፤ ከንዴት ነው።

አንደኛ፣ ልጆቹ ከእንግዲህ የአንገት ሐብል አድርገው መጫወት ይችላሉ። አምና አንዱን ልጅ የሟች አያቱን መስቀል አውልቅ ብዬው ዓይኑ እንባ ሞላ። ደንብ ነው አልኩት። አሁን ደንብ አይደለም። ያንን ልጅ ማን ይቅርታ ሊጠይቀው ነው? ፕራተር? ሁለተኛ፣ አንደኛው ቤዝ፣ ሯጩ መጀመሪያ የሚረግጠው ጎማ፣ መንታ ሆኗል። ነጩ ለተከላካዩ ነው፣ ብርቱካናማው ለሯጩ፣ እንዳይጋጩ። ይሄስ ደግ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ሲሰበር የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው አይቃወመውም።

ያንገበገበኝ ሦስተኛው ነው። ኳስ ጭንብሉ ላይ የመታው ዳኛ ጨዋታውን ያቆምና ባልደረባው አምስት ጥያቄ ይጠይቀዋል። የት ነን? ስንተኛው ዙር ነው? ማን ይመራል? መጨረሻ የመታው ልጅ ማን ነው? ባለፈው የዳኘኸው የማንና የማንን ነበር? አንዷን ከሳተ ከሜዳ ይወጣል፤ ሐኪም ካልፈረመለት አይመለስም።

እንግዲህ እኛ ለዚህ የራሳችን ሥርዓት ነበረን። ዱላ ነክታ ወደ ኋላ የመጣች ኳስ ዳኛውን ስትመታው፣ ከዳኛው ፊት ቁጭ ብሎ ኳስ የሚቀልበው ቀላቢ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ወደ ወርዋሪው ይሄዳል። ስለ ምሳቸው ያወሩና ይመለሳል፤ ዳኛው በዚያች ደቂቃ ትንፋሹን ይሰበስባል። ቀላቢው በኳስ ሲመታ ደግሞ ዳኛው ብሩሹን አውጥቶ መሬቱ ላይ ያለችውን ነጭ የመነሻ ጎማ፣ ንጹሕም ብትሆን፣ ቀስ እያለ ይጠርጋል። የሚጠይቅ የለ፣ የሚያፍር የለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኝነቴ እንዲህ ያለ ጨዋነት ሌላ ቦታ አላየሁም። አሁን በሕዝብ ፊት "የት ነን?" ልባል ነው። ካንሳስ ነን፤ የት እንሄዳለን?

ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ፕራተር ቡና ማሽኑ ጋ ጥግ ይዞኝ፣ ሜይ 16 በአካባቢው ውድድር ፍጻሜ ከቀላቢው ኋላ የምትቆሚው አንቺ ነሽ አለኝ። ከኋላ የሚቆመው ዋናው ዳኛ ነው። በዚህ ማኅበር ሴት በፍጻሜ እዚያ ቆማ አታውቅም። እስኪጸድቅ ድረስ ለማንም እንዳትነግሪ ሲል አስጠነቀቀኝ። ለቨርን ነገርኩት። ለግሌን ኮስተር ነገርኩት፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የዳኘ ሰው ነው፣ እንደ ማንም አይቆጠርም። ነገ ደግሞ እህል ሚዛን ቤት ሥራ እገባለሁ፤ መኪናቸውን ሊያስመዝኑ ከሚመጡት ሾፌሮች እንዴት እንደምደብቀው አላውቅም።

ማርች 25፣ ማክሰኞ

ንፋስ። ብርድ። ጣቴ ደርቆ ስትራይክና ቦል፣ ልክ የሆነውንና ልኩን የሳተውን ውርወራ፣ የምይዝበት ቆጣሪ አልዞር አለኝ። ሆኖም አንድም አልሳትኩ።

ተመልካች በሸሚዛችን ቀለም ነው የሚጠራን። አንዱ ከእንጨት መቀመጫው ላይ ሆኖ "ሰማያዊዋ፣ ባልሽ እንዴት ነው የሚችልሽ?" አለ። ደብተር ገዝቶልኝ አልኩት። ማንም አልገባውም፤ ግን ሁሉም ሳቀ። ይህን ሥራ እንዴት እንደምወደው።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ጭንብሌ ላይ ተመታሁ። ምንም አልሆንኩም። አገጬ ትንሽ። ግሌን መጣ፣ መልሼ ሰደድኩት። ጭንቅላቴ ደህና ነው።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ

ዛሬ ዝናብ ስለሆነ እህል የሚያመጣ የለም። ሚዛን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብያለሁና የትናንቱን በወጉ ልጻፈው።

የብላፍ ሴንተር ትምህርት ቤት ቡድን ነበር የሚጫወተው። ወርዋሪያቸው ፈጣን ነው፤ መቺው በዱላው ጫፍ ነካትና ኳሷ ቀጥታ መጥታ ግንባሬ ላይ አረፈች፣ ብረቱ ጮኸ። ከፊቴ የተቀመጠው ቀላቢ ኮልተን ሬመር ይባላል፤ ዘንድሮ ትምህርቱን የሚጨርስ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የታረመ ልጅ ነው። ቃል ሳይናገር ተነስቶ ወደ ወርዋሪው ሄደ። እናቱ ትባረክ። ሲመለስ "ንፋሱ ዛሬ ከባድ ነው፣ ሚስ ሮንዳ" አለኝ፤ እኔም ከባድ ነው አልኩት። በቃ። ሥርዓት ማለት ይሄ ነው።

ግሌን ግን ከሜዳው መሐል እየሮጠ መጣ። ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ ነበር፣ አምስቱን ጥያቄ በወረቀት ይዞ ይዞራል።

"ሮንዳ፣ የት ነን?" አለኝ።

"ሰው ፊት ነን። ወደ ቦታህ ተመለስ" አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ተመለሰ። ደግ አደረገ። ወንድ ዳኛ ሲመታ "ጠንካራ ሰው" ይባላል፤ እኔ ብወጣ ግን አልቻለችም ነው የሚሉት። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ደግሞ ሐኪም ሥራው መከልከል ነው፤ ሁለት ሳምንት ይልና አራት ያደርገዋል፣ ከዚያ ፍጻሜው ለሌላ ይሰጣል። ለምን ብዬ? ስለ አንዲት ኳስ?

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን እንዴት እንደነዳሁት ዝርዝሩን አልያዝኩትም። ሠላሳ ዓመት የነዳሁት መንገድ ነው፤ ማን ይይዘዋል?

ኤፕሪል 13፣ እሑድ

የሚዛን ቤቱ ኃላፊ አዲስ መብራት አስገብቷል፣ ዓይን የሚወጋ። ማንንም ሳያማክር። ዓርብ ዕለት ተናገርኩት። አምፖሉ አምና የገባው ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሰው እንዲህ ዓይን አውጥቶ ይዋሻል? አሁን በፀሐይ መነጽር ነው የምመዝነው፤ ሾፌሮቹ የፊልም ተዋናይ ሆንሽ ይሉኛል።

ቨርን ዛሬ ጎመንና ሥጋ የተሞላ ዳቦ ሠራ። ሽታው አልተስማማኝም። ዘይቱ አሮጌ ነው መሰለኝ።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

ሁለት ጨዋታ። ግሌን ውሻ አሳድጎ አያውቅም፤ አሁን ግን ዕውር አሮጊት ውሻ ከመንገድ አንስቶ መኪናው ውስጥ ይዟት መጣ። ስሟን "አቤቱታ" አላት፤ አሠልጣኞቹን ታስታውሰኛለች፣ ሳታይ ትጮኻለች አለ። እስኪያመኝ ሳቅኩ። እውነትም አመመኝ፣ ጭንቅላቴን።

ኤፕሪል 18፣ ዓርብ

ተቻኩያለሁ። ናቾ የሚባለው የበቆሎ ጥብስ የሚሸጥበት መስኮት ጋ ተሰልፌ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች፤ "ዛሬ ያቺኑ ኳስ አንዴ ስትራይክ አንዴ ቦል ትላለች።" ዞር ብዬ አየኋቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! እነሱ አንድ ቀን ከኋላ ቆመው ይዩት።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ልጄ ከርቲስ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ልጆቹን ዘንድሮ ምን እያበሏቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ጩኸታቸው ግድግዳ ይሰነጥቃል። የአሳማውን ሥጋ ቆርጬ ሳልጨርስ መኝታ ቤት ገብቼ መጋረጃውን ዘግቼ ተኛሁ። ቨርን በሩ ላይ ቆሞ ሐኪም ልጥራ ወይ አለ። የልጅ ልጆችህን ዝም አሰኝልኝ አልኩት። ሦስቱንም ወደ ግቢ አወጣቸው። እኔ የልጅ ጩኸት ጠልቼ አላውቅም ነበር፤ ሰው ሲያረጅ ይለወጣል።

ምግብ ላይ ስለ ግሌን ውሻ ነገርኳቸው። ዕውር አሮጊት ውሻ ከመንገድ አንስቶ "አቤቱታ" ብሎ ሰየማት፤ ሳታይ ትጮኻለች። ልጆቹ አልሳቁም። ቨርን ቀስ ብሎ "አሁን ነግረሽናል፣ ሮንዳ፤ ሾርባው ላይ" አለኝ። አልነገርኳቸውም። እሱ ነው የማያዳምጠው፣ ደብተሩንም የገዛው ለዚህ ነው።

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

ብላፍ ሴንተር እንደገና። በሦስተኛው ዙር አንዲት ኳስ ኮልተን ሬመርን አገጩ ሥር ጭንብሉ ላይ ገጨችው። ዛሬ ተራው የእኔ ነው አልኩ። ብሩሼን አወጣሁና ነጯን ጎማ እንደ ሠርግ ወለል ጠረግኳት፣ ጠርዟን ሁሉ። ትንፋሹን ሰበሰበ። "አመሰግናለሁ፣ ሚስ ሮንዳ" አለኝ፤ ቀጠልን። ያንን አምስት ጥያቄ የጻፈው ሰው መጥቶ ቢያይ ያፍር ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጁ ሁለት ቀላል ኳስ አመለጠው። ፀሐዩ ዓይኑ ውስጥ ነበር። የእኔም ዓይን ውስጥ ነበር።

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ

ሦስት ስትራይክ ማለት መቺው ወጣ ማለት ነው፤ ይህን ጡት የሚጠባም ያውቃል። ዛሬ ለአንዱ ልጅ አራተኛ ሰጠሁት ይላሉ። ቆጣሪዬ ተጣብቆ ነው። የብላፍ ሴንተሩ አሠልጣኝ ኮች ሃግ መጥቶ ቆመና፣ የሱፍ ቅርፊቱን እየተፋ፣ "ሮንዳ፣ እኔ እስከ ሦስት ነው የተማርኩት፤ ከዚያ በላይ ካለ አስተምሪኝ" አለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ቃሉ አፌ ጫፍ ላይ ሆኖ አልመጣ አለ።

ግሌን መኪናው ጋ ጠብቆ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋገርሽ ወይ አለኝ። ስለ ምኑ አልኩት። አየኝ። ፍጻሜውን የምትፈልገው አንተ ነህ ወይ አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። በአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ጨዋታ ለምኖ አያውቅም። መኪናው ውስጥ ውሻ ነበረች፤ የማን እንደሆነች ልጠይቀው ብዬ ረሳሁት።

አዲስ ቆጣሪ ልገዛ ነው።

ሜይ 7፣ ረቡዕ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም ፊደሉ ይዋኛል፤ ቢሆንም ከእጄ ሳያመልጥ ልጻፈው።

ብላፍ ሴንተር በሜዳው። የውጤት ሰሌዳቸው መብራት በሰሞኑ መብረቅ ተቃጥሎ ጥቁር ሆኗል። አዲሱ ቆጣሪ እጄ ላይ ነው፣ በደንብ ይሠራል። ግሌን ከሜዳው መሐል። ኮልተን ከፊቴ።

ኳሷ ዱላውን ነካች፣ ኮልተንን ጭንብሉ ላይ መታችው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሄዶ ጉልበቴን ነካኝ። እጄ ራሱ ብሩሹን አወጣ። ጎንበስ ስል መሬቱ ዘመም አለ። ቀና ስል ጎማዋ ንጹሕ ነበረች፤ መጥረጌን ግን አላስታውስም። ኮች ሃግ ከአግዳሚው "እንጫወት እንጂ" ይላል። ልጁ ተቀምጧል፣ ጓንቱን ዘርግቷል፤ ግን ወርዋሪው ወዳለበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራ ነው የዘረጋው።

ይህን ሳይ ጨዋነቱም ሥርዓቱም ጠፋኝ። ከፊቱ ዞሬ ተንበረከክሁ።

"ኮልተን፣ ስንተኛው ዙር ነው?"

"አምስተኛ፣ ሚስ ሮንዳ" አለ፤ ወዲያው፣ እንደ ወታደር።

ጎበዝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ልክ መሆኑን እንደማላውቅ አወቅኩ። ቆጣሪዬን አየሁ፤ ቆጣሪው ዙር አይነግርም። ሰሌዳውን አየሁ፣ ጥቁር። ማን ይመራል አልኩት። እኛ አለኝ። የሚመሩት እነሱ ይሁኑ ሌላው ቡድን አላውቅም። ከማን ጋር እንደሚጫወቱም ለማወቅ የልጆቹን ደረት ማንበብ ነበረብኝ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ኮች ሃግ መምጣት ጀምሯል። "እሺ፣ ቀጥል" ማለት ሁለት ቃል ነው። ልለውም ምላሴ ላይ ነበር፤ ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው ልናገር፣ ምላሴ ላይ ነበር።

ጭንብሌን አወለቅኩና ግሌንን ጠራሁት።

"ጠይቀኝ" አልኩት።

ወረቀቱን አላወጣም። "ስንተኛው ዙር ነው፣ ሮንዳ?"

"አላውቅም። እሱ አምስተኛ ይላል።"

ግሌን እኔን አየኝ፣ ልጁን አየው። "አራተኛ ነው" አለ።

ኮች ሃግ ደርሶ ሰማ። ዳኛዋንም ቀላቢዬንም በአንድ ጊዜ ልታወጡብኝ ነው ወይ አለ፤ ግሌን አዎ አለው። ግሌን ጨዋታውን ብቻውን ዳኝቶ ጨረሰው። እኔና ኮልተን አንድ መኪና ኋላ ላይ በረዶ የያዘ ፎጣ ይዘን ተቀመጥን። ማን ይመራል ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ማን ይመራል አለኝ። ሁለቴም አላውቅም አልኩት፤ ሁለቴም እውነቴን ነበር።

ሜይ 9፣ ዓርብ

ሐኪም። ብርሃን ዓይኔ ውስጥ። በአንድ እግር ቁሚ፣ ወራቱን ወደ ኋላ ቁጠሪ። ማርች ጋ ስደርስ ኤፕሪልን ዘልዬው ነበር። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሜዳ የለም። መቼ ነው የተመታሽው አለኝ። በቅርቡ አልኩት። ቨርን ጣሪያውን ያይ ነበር።

ሜይ 12፣ ሰኞ

ለፕራተር ደወልኩ። ፍጻሜውን ለግሌን ስጠው አልኩት። ለሚመጣው ዓመት አለልሽ አለ፤ ድምፁ ግን እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። ተናደድኩ። ከዚያ በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ደንቡን በጻፈው እንዳልል ደንቡ ትክክል ነበር። በግሌን እንዳልል እኔ ነኝ መልሼ የሰደድኩት። ንዴቴ ዞሮ ዞሮ ቤት ገባና ከእኔ ጋር ተቀመጠ።

ሜይ 13፣ ማክሰኞ

ሱቅ፣ የቲማቲም ድልህ መደርደሪያ ጋ። በማዶው ረድፍ ሁለት ሴቶች። የሬመር ልጅ ሁለተኛው ምቱ ነው፣ የመጀመሪያው ሳይድን ነው የተደገመው፣ ሐኪሙ በመጪው ሴፕቴምበርም መጫወት የለም ብሎታል አለች አንዷ። ሁለተኛዋ የመጀመሪያውን ማንም አላየም ወይ አለች። "ዳኛዋ አይታዋለች። ጎማ ስትጠርግለት ነበር።"

ጋሪዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ቨርን አትደውዪ አለኝ። ማንም አልጠየቀሽም፣ ማኅበሩም ዝም ብሏል፣ ልጁ በራሱ ጊዜ ይድናል፣ ስልኩን ያዝሽ ማለት ጥፋቱን ያዝሽ ማለት ነው አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም በዪ ሲለኝ ኖሮ ዛሬ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

የኮልተን እናት ጆዲ ሬመር ትባላለች፤ ብላፍ ሴንተር ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ከምሳ በኋላ ደወልኩላት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አወቀችኝ፤ "ወይዘሮ ዋይግል" አለችኝ። እኔን ወይዘሮ የሚለኝ ባንክ ብቻ ነው። እንዴት ነው አልኩ። ጨለማ ክፍል ነው የሚተኛው፣ ስልክ ተከልክሏል፣ ትናንት ግን እንቁላል በላ አለች። በአንደበቷ ስድብ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ስላስወጣሁት ልታመሰግነኝ እንዳሰበች ነገረችኝ።

እዚያ ላይ መዝጋት እችል ነበር። ምስጋናዋን ይዤ።

ኤፕሪል 22 እንደተመታ ነገርኳት። አይቼው እንደነበር፣ መጠየቅ ወይም ማስወጣት እንደነበረብኝ፣ ጎማውን እንደጠረግኩለት፣ እሱም አመሰግናለሁ እንዳለኝ ነገርኳት። ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ አሁን ቃል እየመረጥኩ ነው የማወራው፣ ቶሎ አይመጣልኝም። ከኋላዋ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። ከዚያ ሳህኑም ቆመ።

"ያን ቀን እርስዎ ራስዎ ደህና ነበሩ?" አለችኝ።

"አልነበርኩም። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት ተመትቼ ነበር።"

መልሷን ጠበቅኩ፤ በሕይወቴ በስልክ ላይ እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም። ቨርን ከሳሎን ራሱን ብቅ አድርጎ አየኝ፣ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ይሆናል።

"ደህና አለመሆንዎን መቼ ነው ያወቁት?" አለች።

ቆጣሪው፣ መብራቱ፣ ዘይቱ፣ የልጆቹ ጩኸት ሁሉ አፌ ውስጥ ተሰለፉ። አንዱንም አላወጣሁም።

"እኔ በተመታሁበት በዚያው ቀን" አልኳት። "ኮልተን ለእኔ ብሎ ወደ ወርዋሪው ሄዶ ገና ሳይመለስ።"